የገዳሪፍና የመተማ ቆላ የአየር ጠባይ

ሱዳን ሲባል ለብዙ ተማሪዎቻችን የሚታያቸው አሸዋና ፀሐይ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከመተማ ድንበሩን ተሻግረን ወደ ገዳሪፍ ብንጓዝ በክረምት የምናገኘው ዓይን እስኪታክት የተዘረጋ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ነው። ከደጋው ለአረምና ለአጨዳ ወደዚህ ቆላ የሚወርዱት ወገኖቻችን ብዙዎች ስለሆኑ፣ የአካባቢውን ወቅቶች ማወቅ ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለጤናም ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ሙቀቱን እንመልከት። የገዳሪፍ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የጎንደር ከ2,100 ሜትር ይበልጣል። አየር በየ1,000 ሜትር ከፍታው በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ የ1,500 ሜትር ልዩነት ብቻውን 10 ዲግሪ ገደማ ያበላልጣል። ሙቀቱ የሚበረታው በሚያዝያ ነው፤ ፀሐይ በአናት ላይ ሆና ሰማዩ ገና ደመና ስላልያዘ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል።

ዝናቡስ ከየት ይመጣል? በበጋ የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ነው። ይህ ነፋስ ከቀይ ባሕር እርጥበት ወስዶ ለፖርት ሱዳን ጠረፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ጥቂት ዝናብ ይሰጣል፤ የጠረፉን ተራሮች አልፎ ለገዳሪፍ የሚተርፍ እርጥበት ግን የለውም። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል የዝናቡ ቀበቶ ይከተላታል፤ እርጥበት የተሸከመ ነፋስም ከደቡብ ምዕራብ ይገባል። ከዝናቡ አስቀድሞ እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚመጣው አቧራ ሃቡብ ይባላል። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ የዓመቱ ድምር በገዳሪፍ 600 ሚሊሜትር ያህል ነው። ወደ መተማ ስንቀርብ ይጨምራል፤ ወደ ከሰላ ስንርቅ ከዚህ ግማሹን እንኳ አይሞላም።

አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት አብጦ ትራክተር ሳይቀር ይይዛል። ውሃ ስለሚያቆይ ሰብሉን ይረዳል፤ ሆኖም የዓመቱ ኑሮ በአራት ወር ዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ1976 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በኢትዮጵያም በሱዳንም ሲጎድል የደረሰውን ረኃብ አንረሳውም።

ዝናብ ሲበዛም ሌላ ችግር አለ። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ፍሬው እንዳይረግፍ ቶሎ መታጨድ አለበት፤ ይህም በመስከረምና በጥቅምት ነው። በዚያው ጊዜ ዝናቡ ትቶት በሄደው ኩሬ የወባ ትንኝ ይራባል። ስለዚህ የደጋው ሠራተኛ ወባን ያልለመደ ሰውነቱን ይዞ የሚወርደው ወባ በሚበረታበት ወር ነው። በዋልካው ስንጥቅ የምትጠለለው የአሸዋ ዝንብም ውጭ በሚያድሩት ላይ ካላዛር ታስተላልፋለች።

እንግዲህ መምህራን የወቅቶችን ሠንጠረዥ በሰሌዳ ላይ ስናሠራ ከዝናቡ ዓምድ አጠገብ የሥራውንና የበሽታውን ዓምድ እንጨምር። ተማሪዎችም ወደ ቆላ ለሚወርድ አባት ወይም ወንድም ሦስት ነገር ይንገሩት፦ አጎበር ይያዝ፤ ትኩሳት ሲሰማው ሳይውል ሳያድር ይመርመር፤ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ ስለ ካላዛር ይጠይቅ።