የሚያዳምጥ ሞተር

ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ፣ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ ሲንሿሿ የሚመስል ድምፅ ከተሰማ ሜካኒኩ «ሞተሩ ያንኳኳል» ይላል። ካንዴላው ያቀጣጠለው እሳት ሲሊንደሩን ሳያዳርስ፣ ጥግ ላይ የቀረው የነዳጅና የአየር ድብልቅ ታምቆ ከመጋሉ የተነሣ በራሱ ጊዜ ሲቀጣጠል የሚፈጠር ድምፅ ነው። በቱርቦ ሞተር ላይ ዝም ከተባለ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል።

ቱርቦ በጭሱ ግፊት የሚሽከረከር ተርባይን አለው፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100,000 ዙር ሊያልፍ ይችላል። በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ያለው መዘውር አየር እየጠቀጠቀ ወደ ሲሊንደር ይልካል። አየር ሲበዛ ነዳጅም በዝቶ ይቃጠላል፣ ጉልበት ይገኛል። የታመቀ አየር ግን ይግላል፤ ሙቀቱም ማንኳኳትን ይጋብዛል።

የስዊድኑ መኪና አምራች ሳብ «99 ቱርቦ»ን በ1977 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቅ ከዚህ ችግር የሚሸሸው ፒስተኑ ራሱ አየሩን የሚያምቅበትን ልክ ዝቅ በማድረግ ነበር። በዚህም ቱርቦው እስኪነሣ ድረስ ሞተሩ ይደክማል፣ ነዳጅም ይበላል። በ1982 ሞዴሎቹ ላይ የመጣው፣ ከኢንጂነር ፔር ጊልብራንድ ስም ጋር የሚነሣው «ኤፒሲ» የተባለ መቆጣጠሪያ ግን ነገሩን ለወጠው። በሞተሩ ብረት ላይ የታሰረ ሴንሰር እንደ ጆሮ ያዳምጣል። ማንኳኳት ሲሰማ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኑ የትርፍ ጭስ ማሳለፊያውን በር ያስከፍታል፤ ጭሱ ተርባይኑን ሳይነካ ያልፋል፣ የአየሩም ግፊት ይወርዳል። ድምፁ ሲጠፋ ግፊቱ ይመለሳል። በዚህ ጥበቃ የማመቂያው ልክ ከ7.2 ወደ 8.5 ከፍ ማለት ቻለ። ኦክቴኑ ዝቅ ያለ፣ ማለትም ቶሎ የሚያንኳኳ ቤንዚን የቀዳ አሽከርካሪም ጉልበት እንጂ ሞተር አያጣም።

ዛሬ ሁሉንም የሚመራው አንድ ኮምፒውተር ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ይቀጣጠላል፤ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ የነዳጁን መጠንና የብልጭታውን ቅጽበት ይወስናል። ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር መነሻው ነው፤ ጭነት ሲበዛ ቤንዚን ይጨምራል፣ የአንድ ሲሊንደር ማንኳኳት ሲሰማ ደግሞ ብልጭታውን ያዘገያል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ፣ አየሩ በሳሳበት፣ ጉልበቱ እንዳይወርድ ቱርቦውን አብዝቶ ያሠራዋል።

ሳብ በ1993 ሞዴሉ ላይ ባመጣው «ትራዮኒክ» የተባለ መቆጣጠሪያ ደግሞ ጆሮውን እሳቱ ውስጥ አስገባው። ካንዴላው ብልጭታውን ከረጨ በኋላ መጠነኛ ቮልቴጅ ይሰጠዋል፤ የሚነደው ጋዝ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ኮምፒውተሩ የዚያን ጅረት መንቀጥቀጥ አይቶ የትኛው ሲሊንደር እንዳንኳኳ ይለያል። ሞተሩ ሁለት ዙር ሲዞር ያው ካንዴላ እንደገና ያቀጣጥላል።