ክትባቱ ነጻ ነው፤ መንገዱ ግን ገንዘብ ይፈልጋል

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ የአዲስ አበባ ሕፃናት መካከል 89 በመቶው መሠረታዊ ክትባቶችን አሟልተው ወስደው ነበር። በዚያው ዓመት በሶማሌ ክልል ያሟሉት 22 በመቶ፣ በአፋር ደግሞ 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአገር ደረጃ 39 በመቶው ሲያሟሉ፣ ከመቶው 16ቱ አንድም ክትባት አላገኙም። ክትባቱ በሁሉም ቦታ አንድ ነው። የሚገዛው በአንድ ዋጋ ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋማትም ለማንም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ታዲያ አዲስ አበባ የተወለደውንና አፋር የተወለደውን ሕፃን ይህን ያህል ያራራቃቸው ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የግንዛቤ ማነስ» የሚል ነው። ይህ መልስ ጥቂት እውነት ቢኖረውም ብዙ ነገር ይሸፍናል። የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደር የክትባትን ጥቅም አያውቅም እንዳይባል፣ ከብቱ ሊከተብ ነው ሲባል መንጋውን ነድቶ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ነው። የልዩነቱን ዋና ምክንያት ማግኘት የሚፈልግ ሰው የመንግሥትን ገንዘብ መንገድ መከተል አለበት። ከየት ይነሣል? በማን እጅ ያልፋል? የትኛው ቦታ ሲደርስ ያልቃል? የሚለውን ማየት ነው።

ገንዘቡ የት ድረስ ይሄዳል

ኢትዮጵያ መደበኛውን የክትባት ፕሮግራም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ለረጅም ጊዜ የሚሰጡት ክትባቶች ጥቂት ነበሩ። ጋቪ የተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከተቋቋመ ወዲህ ግን ዋጋቸው የማይቀመስ የነበረ ክትባቶች ወደ ድሃ አገሮች መግባት ጀመሩ። ከአምስት በሽታዎች የሚከላከለው ፔንታቫለንት እ.ኤ.አ. በ2007፣ የሳንባ ምችን የሚከላከለው በ2011፣ ለከባድ ተቅማጥ የሚዳርገውን ሮታ ቫይረስ የሚከላከለው ደግሞ በ2013 ወደ ኢትዮጵያ መደበኛ ፕሮግራም ገቡ።

የግዢው ወጪ የጋራ ነው። ለዓመታት በሠራው የጋቪ ደንብ መሠረት፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ አገሮች በአንድ ዶዝ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ይከፍላሉ፤ ቀሪውን ጥምረቱ ይሸፍናል። አንድ ሕፃን ሦስት ዶዝ ፔንታቫለንት፣ ሦስት ዶዝ የሳንባ ምችና ሁለት ዶዝ የሮታ ክትባት ሲወስድ የአገሪቱ ድርሻ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይሆናል። ይህ ትንሽ ገንዘብ ይመስላል። ነገር ግን ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ለአንድ ሕፃን 91 ብር ገደማ ይበቃው የነበረው ድርሻ ከ160 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ጤና ሚኒስቴር አንድም ተጨማሪ ልጅ ሳያስከትብ ወጪው በእጥፍ ወደማደግ ተጠጋ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሰንሰለት፣ ችግር ባያጣውም፣ ባለቤት አለው። ዩኒሴፍ ይገዛል፤ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ተቀብሎ ያከማቻል፤ በማቀዝቀዣ መኪናም ወደ ቅርንጫፎቹ ያሰራጫል። የዋጋ ድርድሩም፣ የለጋሾች ስብሰባም፣ የጋዜጣ ዜናም የሚያተኩረው በዚህኛው ክፍል ላይ ነው።

ከጤና ጣቢያው እስከ ሕፃኑ ክንድ ያለውን መንገድ የሚከፍለው ግን ወረዳው ነው። ወረዳው ገንዘቡን የሚያገኘው ከክልሉ በሚመደብለት ጥቅል በጀት ሲሆን፣ የዚያ በጀት አብዛኛው ክፍል ለደሞዝ ይሄዳል። ደሞዝ ተከፍሎ የሚተርፈው «ሥራ ማስኬጃ» ይባላል። የሞተር ሳይክል ነዳጅ፣ ከጣቢያ ውጭ ለሚያድር ባለሙያ የሚከፈለው አበል፣ የፍሪጅ ጥገና፣ የመኪና ጎማ ሁሉም ከዚያች ገንዘብ ይጠበቃሉ። ገንዘቡም ብዙ ጊዜ የበጀት ዓመቱ ሳያልቅ ያልቃል። ስለዚህ ክትባቱ በጤና ጣቢያው ፍሪጅ ውስጥ ሙሉ ሆኖ፣ ባለሙያዋም ደሞዟን እያገኘች፣ ሩቅ ጎጥ ያለው ልጅ ሳይከተብ ሊቀር ይችላል። ሪፖርቱ ላይ ክትባትም ባለሙያም አልጠፋም፤ የጠፋው ሁለቱን ወደ ልጁ የሚያደርሳቸው ነዳጅ ነው።

በአንድ ብልቃጥ ፊት

የገንዘቡ እጥረት ባለሙያዋ እጅ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለማየት የኩፍኝን ክትባት እንውሰድ። ክትባቱ የሚመጣው በደረቅ ዱቄት መልክ ነው፤ ከመስጠት በፊት በመበጥበጫው ፈሳሽ ይቀላቀላል። አንድ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ለአሥር ልጆች ይበቃል። አንዴ ከተበጠበጠ ግን ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል።

አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥኗን በትከሻዋ አንግታ ሩቅ ጎጥ ደረሰች እንበል። በሳጥኑ ውስጥ አራት የበረዶ ጥቅሎች አሉ፤ በመካከላቸው ብልቃጦቹ፣ ከላይ ደግሞ ስፖንጅ። የአንዳንዱ ክትባት ጠላት ሙቀት፣ የሌላው ጠላት ውርጭ ስለሆነ፣ ሁሉም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል መቆየት አለባቸው። በብልቃጡ ላይ ያለችው ትንሽ ምልክት፣ በክብ ውስጥ ያለች ነጭ ካሬ፣ ሙቀት ባገኛት ቁጥር እየጠቆረች ትሄዳለች። ካሬዋ ከክቡ እኩል ከጠቆረች ክትባቱ አይሰጥም።

በቦታው የተገኙት ሦስት ልጆች ናቸው። ብልቃጡን ከከፈተችው ሰባት ዶዝ ይደፋል፤ በወር መጨረሻም ብክነት ተብሎ ይጻፋል፤ አለቃም ይጠይቃል። ካልከፈተችው ደግሞ ሦስቱ እናቶች ሌላ ቀን እንዲመጡ ይነገራቸዋል። እናቶቹ ግን በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ የግጦሽ ቦታ ሊሆኑ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፤ ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት ይላል። ይህን ምክር በሥራ ላይ ማዋል የሚቻለው ግን በጀቱ የሩቅ ቦታን ብክነት አስቀድሞ ሲያስብ ነው። ከተማ ውስጥ አንድ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ይበቃል ብሎ የተሰላ የግዢ ዕቅድ ወደ በረሃ ሲወርድ ባለሙያዋን ከልጁና ከሪፖርቱ አንዱን እንድትመርጥ ያስገድዳታል። የእሷ ጥፋት ያልሆነ ምርጫ ነው።

የርቀት ሒሳብ

መርሐ ግብሩ ደግሞ የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም። ሕፃኑ እንደተወለደ፣ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት፣ በዘጠነኛውና በአሥራ አምስተኛው ወር ከከታቢ ጋር መገናኘት አለበት። ስድስት ግንኙነት ማለት ነው። ጤና ጣቢያ አጠገብ ለምትኖር እናት ይህ ስድስት ጠዋት ነው። ጣቢያው የአንድ ቀን መንገድ ለሚርቃት እናት ግን እያንዳንዱ ቀጠሮ የሚሄዱበት፣ የሚያድሩበትና የሚመለሱበት ጉዞ ነው፤ በዚያ ላይ ውኃው፣ ፍየሎቹ፣ ሌሎቹ ልጆች አሉ። ስለዚህ መጓዝ ያለበት የጤና አገልግሎቱ ነው።

እስቲ ለማስረዳት ያህል ሁለት ቀበሌዎችን እናወዳድር። በአንደኛው ባለሙያዋ በገበያ ቀን አንድ ቦታ ተቀምጣ 40 ልጆች ትከትባለች። በሁለተኛው ያው አንድ ቀን፣ ያው አበልና የበለጠ ነዳጅ ወጥቶ የሚገኙት አምስት ልጆች ናቸው። የሁለተኛው ቀበሌ ልጅ በትንሹ ስምንት እጥፍ ያስወጣል። ወረዳዎች ገንዘብ የሚደርሳቸው በሕዝብ ብዛት ብቻ ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ልጅ እኩል ብር ስለተመደበ ክፍፍሉ ፍትሐዊ ይመስላል። ውጤቱ ግን የመጀመሪያው ቀበሌ ሁሉንም ልጆቹን ሲያስከትብ ሁለተኛው አብዛኞቹን መተዉ ነው። እኩል ብር እኩል ክትባት አያመጣም። እኩል ክትባት የሚመጣው ብሩ ርቀትን፣ የሕዝቡን መበታተንና የወቅቱን እንቅስቃሴ አይቶ ሲመደብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የዚህን ችግር ግማሽ ፈትቷል። በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቶ፣ በመንግሥት ደሞዝ የሚተዳደሩ ሁለት ባለሙያዎች መመደባቸው ብዙ አገሮች የሚቀኑበት ሥራ ነው። ሆኖም ንድፉ የተቃኘው ሰፍሮ ለሚኖር የደጋ ገበሬ ነበር። ቀበሌው ራሱ በሚንቀሳቀስበት አገር ጤና ኬላ ባዶ ሜዳ ላይ ሊቀር ይችላል። ለዚህ የተጀመሩት ተንቀሳቃሽ የጤናና ሥነ ምግብ ቡድኖች ጥሩ መልስ ናቸው፤ ነገር ግን በአብዛኛው በለጋሽ ገንዘብና በድርቅ ጊዜ የሚሰማሩ ስለሆኑ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ጉዞውም ይቆማል።

ከቻድ የምንማረው ነገር አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በቻድ ዘላኖች ዘንድ የተሠራ ጥናት ከልጆቹ ይልቅ ከብቶቹ በብዛት ተከትበው አገኘ። ከዚያም የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አብረው እንዲጓዙ፣ መኪናውንና ማቀዝቀዣውን እንዲጋሩ ተደረገ። ወጪው ተጋራ፤ ቤተሰቡም ለሁለቱም በአንድ ቀን ተሰበሰበ። በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቦረናና በደቡብ ኦሞም የግብርናና የጤና ጽሕፈት ቤቶች ነዳጃቸውን አንድ ላይ ቢያቅዱ ያው በጀት የበለጠ መንገድ ይሄዳል።

ያልተቆጠረ ልጅ በጀት የለውም

ሌላው ችግር ቁጥሩ ነው። ኢትዮጵያ የመጨረሻውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ወረዳው «የሚከተቡ ልጆች» ብሎ የሚያቅደው ከዚያ ቆጠራ ተነሥቶ በግምት ነው። ግምቱ ካነሰ፣ ልጆች ሳይከተቡ ቀርተው እንኳ ሪፖርቱ ከ100 በመቶ በላይ ሊያሳይ ይችላል። ግምቱ ከበዛ ደግሞ የሚለፋ ወረዳ ሰነፍ ይባላል። በጦርነትና በግጭት የተፈናቀሉት ልጆች ችግር ከሁሉ ይከፋል፤ ከመጡበት ቀበሌ መዝገብ ወጥተዋል፣ ካረፉበትም አልተመዘገቡም።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለ2023 ባወጡት ግምት፣ በኢትዮጵያ 900,000 ያህል ሕፃናት የፔንታቫለንትን የመጀመሪያ ዶዝ እንኳ አላገኙም፤ አገሪቱ እንዲህ ያሉ ሕፃናት ከሚበዙባቸው የዓለም አገሮች ተርታ ናት። አማካይ ቁጥር እነዚህን ልጆች ይደብቃል። ከተማው ከ85 ወደ 90 ሲያድግ የአገሩ አማካይ ከፍ ይላል፤ ሩቁ ወረዳ ግን ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ ገንዘብ ሰጪውም ምክር ቤቱም ስኬትን በአማካዩ ሳይሆን በመጨረሻው ወረዳ ሊለኩ ይገባል።

«ለጥቂት ልጆች ይህን ያህል ወጪ?»

በቅን ልቡና የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። በአንድ ሩቅ ልጅ ወጪ ስምንት የቅርብ ልጆች መከተብ ከተቻለ፣ ለድሃ አገር የሚበጀው የትኛው ነው? መልሱ ያለው በበሽታው ባሕርይ ውስጥ ነው። ኩፍኝ እንዳይዛመት ከመቶው 95 ያህሉ ሰዎች መከላከያው ሊኖራቸው ይገባል። ያልተከተቡ ልጆች በአንድ አካባቢ ሲጠራቀሙ ወረርሽኝ ይነሣል፤ ከዚያም ወደ ከተማ ይገባል። ያኔ የአደጋ ጊዜ ዘመቻ ይጠራል፤ ለመደበኛው ጉዞ የጠፋው ነዳጅ ለዘመቻው ይገኛል፤ ልጆች ግን ከሞቱ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በሶማሊያ የተነሣው ፖሊዮም ድንበር ተሻግሮ የኢትዮጵያን ሶማሌ ክልል ያገኘው በዚሁ ቀዳዳ ነበር።

የራሳችን ታሪክም ይመሰክራል። ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲጀመር ብዙ ሰው የሚኖርበት ደጋ ቀድሞ ጸዳ። እስከ መጨረሻው ያስቸገረው ሰው የተበታተነበት የኦጋዴን በረሃ ነበር። ከታቢዎች እዚያ ድረስ በእግር፣ በግመልና በሄሊኮፕተር ተጓዙ፤ የአገሪቱ የመጨረሻ በሽተኛም በነሐሴ 1976 በዚያው አካባቢ ተገኘ። «ጥቂት ሰው ነው» ተብሎ ቢተው ኖሮ በደጋ የወጣው ሁሉ ገንዘብ ከንቱ ይቀር ነበር።

ከራስ ካዝና

የውጭው ገንዘብ አስተማማኝ አለመሆኑ አሁን ግልጽ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በብራስልስ በተካሄደው የጋቪ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ጉባኤ የተፈለገው 11.9 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን ቃል የተገባው ከ9 ቢሊዮን ጥቂት የዘለለ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥትም ድጋፉን እንደሚያቆም በዚያው መድረክ አስታወቀ። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በአቡጃ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ፣ በ2017 ደግሞ በአዲስ አበባው የክትባት መግለጫ ለሁሉም ልጆች ክትባት ለማድረስ ቃል ገብተዋል። ቃሉን ለመፈጸም አዲስ መግለጫ አያስፈልግም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የነዳጅና የአበል ገንዘብ ከአገር በጀት አንጻር ከባድ ሸክም አይደለም።

የሚያስፈልገው በየወረዳው በጀት ውስጥ ለተጓዥ ክትባት የተለየ፣ ወደ ሌላ ሥራ የማይዛወር መደብ መክፈት ነው። መጠኑም በሕዝብ ብዛት ብቻ ሳይሆን በርቀትና በመበታተን ይሰላ። በየዓመቱ የበጀት ወቅት፣ የወረዳ ምክር ቤት አባላት እጃቸውን ለማጽደቅ ከማንሣታቸው በፊት ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ከጤና ኬላ ርቀው ለሚገኙ ጎጦች በዓመት ስንት የክትባት ጉዞ ታቅዷል? ለእያንዳንዱ ጉዞ ነዳጁና አበሉ ስንት ብር ነው? ፍሪጁ ቢበላሽ የጥገናው ገንዘብ ከየት ይመጣል? አምና አንድም ክትባት ያላገኙት ልጆች በየትኛው ጎጥ ናቸው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በበጀት ሰነዱ ውስጥ በብር ተጽፎ ካልተገኘ፣ ክትባት ለሁሉም ሕፃናት እኩል ይደርሳል የሚለው የመንግሥት ቃል ገና አልተከፈለበትም ማለት ነው።