እርጉዝ ነሽ? ዘንጪ! ግን ሆድሽን ከጤና ጣቢያ አትደብቂ

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ፈገግ አሰኝቶኛል። የ6 ወር ነፍሰ ጡር የሆነች እህታችን ለእርግዝና ፎቶ የድሮ ፋሽን መልበስ አምሯታል። ወገቡ ጠበብ፣ ታቹ ክሎሽ የሆነ ባለ ነጠብጣብ ቀሚስ፣ ቀይ ሊፒስቲክ፣ ታኮ ጫማ፣ ጸጉር ላይ ሻሽ። አማቷ ግን "ልጁን ልታፍኚው ነው እንዴ?" ብለው ተቆጥተዋል። "ዶክተር፣ እውነት ይጎዳዋል? ወይስ አቦ ዝም ብዬ ልልበስ?" ትላለች።

አጭሩ መልስ፦ ልበሺ። ግን አለባበስሽ ላይ ልታውቂያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ከነሱ መሃል ሁለቱ ሕይወት የሚያድኑ ናቸው፤ እነሱን መጨረሻ ላይ ስላስቀመጥኳቸው እስከ ታች አንብቡ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይመቸን በ"አንቺ" እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ስለ ፋሽኑ ትንሽ

"ፒንአፕ" የሚባለው ስታይል የገነነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ወታደሮች ከመጽሔት ቆርጠው ግድግዳ ላይ የሚሰኩት የቆንጆ ሴቶች ፎቶ ነበር፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ክርስቲያን ዲዮር ፓሪስ ላይ ወገቡ ጥብቅ፣ ታቹ ሰፊ የሆነ ቀሚስ ሲያሳይ ይህ ቅርጽ ዓለምን አዳረሰ። የኛዋ ድሬም እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ጨርቁም ሽቶውም ፋሽኑም በሐዲድ ሲገባባት ኖሯል። የእናቶቻችንንና የአያቶቻችንን የፎቶ አልበም ብትገልጪ ወገቡ የታሰረ ክሎሽ ቀሚስ አታጪም።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። በዚያ ዘመን ፎቶዎች ውስጥ ሆዷ የሚታይ ሴት ማግኘት ይከብዳል። አሜሪካ ውስጥ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1952 ተዋናይቷ ሉሲል ቦል "አይ ላቭ ሉሲ" በሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ በእውነት ነፍሰ ጡር ሆና ስትተውን "እርጉዝ" የሚለው ቃል በስርጭቱ ላይ እንዲነገር አልተፈቀደም። የዚያን ጊዜ የእርግዝና ልብስ ዋና ሥራው ሆድን መሸፈን ነበር። አንቺ ዛሬ ያንን ቀሚስ ከነሆድሽ ስትለብሺ ያኔ ያልተፈቀደውን እያደረግሽ ነው። እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ጤናው እንግባ።

1. ወገብ፦ ቀበቶው ከሆድ በላይ ይውጣ

ጽንሱ በማህፀን ግድግዳና በእንሽርት ውሃ ተከቧል። ሰውነትሽ ላይ ልክክ ያለ ቀሚስ አያፍነውም፤ ስለዚህ በዚህ አትጨነቂ። ችግሩ በኃይል የሚጨምቅ ነገር ነው፦ ኮርሴት፣ ቦዲ ሼፐር፣ ጠንካራ ሰፊ ቀበቶ። ማህፀንሽ እያደገ ጨጓራሽንና ሳንባሽን ወደ ላይ እየገፋ ነው። በዚያ ላይ ከውጭ ስትጨምቂው ቃር ይብሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ራስ ያዞራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቀበቶውን ወይም ሪባኑን ከጡት በታች፣ ከሆድ በላይ እሰሪው፤ ክሎሹ ከዚያ ይጀምር። ቅርጹ ያው የድሮው ነው፣ ሆድሽም ነጻ ይሆናል። መለኪያው፦ ሁለት ጣትሽ በቀላሉ ይግባ፤ ልብሱን ስታወልቂ ቆዳሽ ላይ የተሰመረ ምልክት አይኑር።

2. ጫማ፦ ታኮው ለፎቶ፣ ነጠላው ለመንገድ

በእርግዝና ጊዜ የሚመነጩ ሆርሞኖች መገጣጠሚያዎችን የሚይዙ ጅማቶችን ያላላሉ። ሆድሽ ወደ ፊት ስለሚስብሽ ሚዛንሽም ይቀየራል፤ እግርሽም ሊሰፋ ይችላል። በዚህ ሁኔታ በቀጭን ታኮ ኮብልስቶን ላይ መራመድ ወይም ባጃጅ ላይ መውጣትና መውረድ መውደቅን መጥራት ነው። ታኮውን በቦርሳ ይዘሽ ሂጂ፣ ተቀምጠሽ ተነሺ፣ አውልቂ። ለሌላው ሰዓት ዝቅ ያለ፣ ሰፊ ተረከዝ ያለው፣ የማያንሸራትት ጫማ ይሁን።

ከወደቅሽ፣ በተለይ ሆድሽ ከተመታ፣ ምንም ባይሰማሽም በዚያው ቀን ታዪ። ደም ወይም ውሃ ከፈሰሰሽ፣ ሆድሽን ካመመሽ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ደግሞ ደቂቃም አትጠብቂ።

3. ጨርቅ፦ ድሬ ፓሪስ አይደለችም

ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ ቀን 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ሰውነቷ ራሱ ተጨማሪ ሙቀት ያመነጫል። በናይለን ቀሚስ ላይ ሁለት ሦስት የውስጥ ጉርድ ደርበሽ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ፎቶ ብትነሺ ራስሽን ስተሽ ልትወድቂ ትችያለሽ። ጥናቶችም ከፍተኛ ሙቀትን ያለ ጊዜው ከመውለድ ጋር ያያይዙታል።

ጥጥ ምረጪ። ክሎሹን በስስ ጥጥ አሰፊው። ፎቶውን ጠዋት ወይም ወደ ማታ አድርጊው፤ ውሃ ከእጅሽ አይለይ። የውስጥ ሱሪሽም ጥጥ ይሁን፤ ላብ የሚይዝ ጨርቅ በእርግዝና ጊዜ ራሱ የሚበዛውን የብልት አካባቢ ፈንገስ ያባብሳል። ቤት ስትገቢ ደግሞ የድሬ ሴቶች ለዘመናት የለበሱትን ሽቲና ድሪያ የሚያህል የለም። ቀላል፣ ሰፊ፣ አየር የሚያስገባ።

4. ሰልባጅ፦ ሳይታጠብ አይለበስ

እውነተኛ የድሮ ቀሚስ ማግኛው ሰልባጅ ነው፤ ቀፊራም ሆነ ታይዋን ዞር ዞር ብለሽ ታገኚያለሽ። ቆንጆ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ግን ማን እንደለበሰው አታውቂም። እከክ የሚያመጣው ተባይና ቅማል በልብስ ሊተላለፉ ይችላሉ። በሙቅ ውሃ እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ አድርቂው፣ ተኩሺው። ሙቅ ውሃ የማይችል ጨርቅ ከሆነ ላስቲክ ውስጥ አስረሽ ለሁለት ሳምንት አስቀምጪውና ከዚያ እጠቢው።

5. መኳኳያ፦ ቀይ ሊፒስቲክ ይቻላል፣ የሚያቀላ ክሬም አይቻልም

ብዙ ነፍሰ ጡሮች ፊታቸው ላይ ማዲያት ይወጣል። ከሆርሞን ነው፤ ከወሊድ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይደበዝዛል። ግን ለፎቶው ብለው ፊት የሚያቀላ ክሬም የሚቀቡ አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው። ሜርኩሪ በቆዳ ይገባል፣ በእንግዴ ልጅ አልፎ ጽንሱ ጋ ይደርሳል፣ የልጁን አንጎል፣ ያንቺንም ኩላሊት ይጎዳል። ሃይድሮኪኖንና ሬቲኖይድ ያለባቸውም በእርግዝና ጊዜ ይቅሩ። በነሱ ፈንታ ጃንጥላና ሰንስክሪን ተጠቀሚ፤ የቀረውን በፋውንዴሽን ሸፍኚው።

ሂና ለምትወዱ፦ ቀይ ቡናማ ቀለም የሚሰጠው የተፈጥሮ ሂና ለአብዛኛው ሴት ችግር የለውም። "ጥቁር ሂና" የሚባለው ግን የጸጉር ቀለም ኬሚካል የሚቀላቀልበት ስለሆነ ቆዳን እስከማቃጠልና ውሃ እስከማስቋጠር የሚደርስ አለርጂ ያመጣል። ኩልም ምን እንዳለበት የማታውቂው ከሆነ ይለፍሽ፤ አንዳንዱ ኩል የሚሠራው እርሳስ ካለበት ማዕድን ነው።

6. ሰፊ ልብስ የሚደብቀው ነገር

እስካሁን ያወራነው ስለ ጠባብ ልብስ ነው። እውነቱን ልንገርሽ? ሥራ ላይ ሆኜ ከጠባቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰፊው ነው። ልብሱ ራሱ ችግር ኖሮበት አይደለም። "ሰው ዓይን እንዳይገባብኝ"፣ "እስኪጸና ልጠብቅ" እያሉ በሰፊ ቀሚስና በሻርፕ ውስጥ ተደብቀው፣ ሆድ መደበቅ ሲያቅት በ5 እና በ6 ወራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጡ እናቶች ስላሉ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል እንድታደርግ፣ የመጀመሪያውም ከ12 ሳምንት በፊት እንዲሆን ይመክራል። ለምን ይቸኩላል? የልጁ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው ጽንስ በተፈጠረ በ28 ቀን ገደማ ነው። ይህ ማለት ብዙዋ ሴት የወር አበባዋ መቅረቱን ልብ ባለችበት ሰሞን ማለት ነው። ፎሊክ አሲድ የሚያስፈልገው ከዚያ በፊትና በዚያን ጊዜ ነው፤ በ6ኛው ወር ሲጀመር ያ ዕድል አልፏል። ደም ማነስ፣ የደም ዓይነት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ጉበት ቢ፣ እነዚህ ሁሉ ቀድመው ከታወቁ የሚሠራ ነገር አለ።

ለጎረቤት አለመናገር መብትሽ ነው። ባህላችንም ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ጤና ጣቢያ ጎረቤት አይደለም። ካርድሽ ውስጥ ያለው ምስጢርሽ ነው። ለልጅ ያሰብሽም ብትሆኚ ፎሊክ አሲድ ከአሁኑ ጀምሪ።

7. ቀለበትሽና ጫማሽ ሲጠቡ

ይህ የመጨረሻውና ዋናው ነው።

አንድ ምሽት ተረኛ ሆኜ የ8 ወር ነፍሰ ጡር መጣች። የመጣችው ለቀለበቷ ነበር። ለማግስቱ የፎቶ ቀጠሮ አላት፣ ጣቷ አብጦ ቀለበቱ አልወጣ ብሏታል። ፊቷን ሳየው እሱም አብጧል። "ሙቀቱ ነው ዶክተር" አለችኝ። ራስ ምታት እንዳላት ስጠይቃት "ሦስት ቀኔ፤ እሱም ከሙቀቱ ነው" አለች። ደም ግፊቷ 160 በ110 ነበር፤ ሽንቷ ውስጥም ፕሮቲን ተገኘ። ቀለበቱ በሳሙና ወጣ፤ እሷ ግን በዚያው ተኛች። ማግኒዥየም ሰልፌትና የግፊት መድኃኒት ተጀመረላት። በኋላ እሷም ልጇም በሰላም ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

ይህ የእርግዝና ደም ግፊት፣ በሕክምና ስሙ ፕሪኤክላምፕሲያ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ፣ ካልታከመ ወደ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት የሚሄድ፣ በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ በሽታው ራሱ አያምም። ሙቀት ባለበት አገር ደግሞ ሁሉንም እብጠት በፀሐይ ማሳበብ ይቀናናል።

ልዩነቱ ይህ ነው። ወደ ማታ ላይ ሁለቱም እግር ቁርጭምጭሚት አካባቢ ማበጥ፣ እግር ሰቅለው ሲያድሩ ጠዋት መቀነስ፣ ይህ የተለመደ ነው። እነዚህ ግን የተለመዱ አይደሉም፦

👉 የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት
👉 የማይለቅ ኃይለኛ ራስ ምታት
👉 ብዥታ ወይም ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ ማለት
👉 ከጎድን አጥንት በታች በቀኝ ወይም መሃል ላይ የሚያም ሆድ
👉 ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር

አንዱም ቢኖር በማንኛውም ሰዓት ቅርብሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂ። ግፊትሽ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልግሻል። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመሽ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል እሱም አይዋል አይደር።

ጠያቂያችን፣ ቀሚስሽን አሰፊ፤ ከጡት በታች ይታሰር፣ ጥጥ ይሁን። አማትሽን ለቀጣዩ ክትትልሽ አብረሽ ውሰጃቸው፤ የልጅ ልጃቸውን የልብ ምት ሲሰሙ ቁጣቸው ይበርዳል፤ ምናልባትም የፎቶው ቀን ሻሽሽን የሚያስሩልሽ እሳቸው ይሆናሉ። ባሎችም ፎቶው ላይ ብቻ አትገኙ፤ ክትትሉም ላይ አብራችሁ ሂዱ።

ቀለበት ጠበበኝ የምትል እህት በዙሪያችሁ ካለች ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉላት። ጽሑፉ ለግንዛቤ ነው፤ ምርመራን አይተካም። ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ፤ እመልሳለሁ።

በሰላም ተገላገሉ!
ዶክተራችሁ፣ ከድሬዳዋ