ነጭ ሽንኩርት ለኮሌስትሮል፦ እምነቱ በምርመራ ሲፈተን

ኮሌስትሮል በአብዛኛው ጉበት የሚያመርተው፣ በከፊልም ከእንስሳት ተዋፅኦ የሚገኝ፣ ለሕዋሳት ሽፋንና ለሆርሞኖች ግንባታ የሚያስፈልግ ቅባት መሰል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ጠንቅ የሚሆነው ኤልዲኤል በሚባለው ተሸካሚ ቅንጣት ተጭኖ በደም ውስጥ ከልክ በላይ ሲበዛና ዓመታት በፈጀ ሂደት በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ሲከማች ነው። በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ያለው የኤልዲኤል ኮሌስትሮል ከ130 እስከ 159 ሚሊ ግራም ከሆነ መጠኑ ወደ ከፍተኛው ድንበር የተጠጋ ይባላል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው የሚሰማው ሕመም የለም፤ የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የሲጋራ ሱስ ከሌለበት ደግሞ ሐኪሙ ለጊዜው መድኃኒት ሳያዝዝ አመጋገቡን እንዲያስተካክልና እንቅስቃሴ እንዲያበዛ መክሮ ሊያሰናብተው ይችላል። በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ባየው ቁጥር የተጨነቀ፣ ነገር ግን የሚውጠው ነገር ሳይሰጠው ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው መፍትሔውን በራሱ መፈለጉ የሚጠበቅ ነው።

«ከዕፅዋት የተዘጋጀ» እና «በአንቲኦክሲዳንት የበለፀገ» የሚል ጽሑፍ የሚለጠፍባቸው ብልቃጦች በአብዛኛው የሚሸጡት ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። በአሜሪካ በ1994 የወጣው የተጨማሪ ምግቦች ሕግ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አምራቾች ምርታቸው በእርግጥ የሚሠራ መሆኑን ለመንግሥት አስቀድመው ሳያረጋግጡ ለገበያ እንዲያቀርቡት ይፈቅዳል፤ ስለ ጥቅሙ የተጻፈው ቃል በአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያልተመዘነ መሆኑም በዚያው ብልቃጥ ላይ በደቃቅ ፊደል ይገለጻል። ከባሕር ማዶ በዘመድ ሻንጣ ተይዞ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር የሚደርሰው ብልቃጥ ይህ ማሳሰቢያ ቢኖርበትም፣ እንግሊዝኛ ለማያነቡት እናትና አባት ልጃቸው አስባ የላከችው መድኃኒት ከመሆን አያልፍም።

አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት፣ እንደ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢና ቤታ ካሮቲን ያሉት ውሁዶች፣ ሌሎች ሞለኪውሎች ኦክሳይድ ሆነው እንዳይበላሹ የሚከላከሉ ናቸው። ከልብ በሽታ ጋር ያገናኛቸው ሐሳብም መሠረት የሌለው አልነበረም፤ በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ የገባ ኤልዲኤል ኦክሳይድ ሲሆን የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ይውጡታል፣ ሕዋሳቱም በቅባት ተሞልተው አረፋ መስለው እዚያው ይቀራሉ፣ ቧንቧውን የሚያጠብበው ክምችት የሚጀምረውም በዚህ መንገድ ነው። ይሁንና ይህ ሐሳብ የሚናገረው ስለ ኤልዲኤል መበላሸት እንጂ ስለ መጠኑ መቀነስ አይደለም፤ በገበያው ቋንቋ ሁለቱ ስለተቀላቀሉ ብዙ ሰው አንቲኦክሲዳንት ኮሌስትሮልን ያወርዳል ብሎ ያምናል። የመጀመሪያው ሐሳብም ቢሆን በሰፊው ተፈትኖ አልጸናም። በብሪታንያ 20,536 ሰዎችን አሳትፎ ውጤቱ በ2002 የታተመው የልብ ጥበቃ ጥናት ከተሳታፊዎቹ ለግማሾቹ ሦስቱን ቫይታሚኖች ለአምስት ዓመት ያህል በየቀኑ ቢሰጥም፣ በልብ ድካም፣ በአንጎል ምትም ሆነ በሞት ረገድ ልዩነት አልታየም፤ በዚያው ጥናት የተፈተነው ሲምቫስታቲን የተባለ መድኃኒት ግን ከባድ የልብና የደም ቧንቧ አደጋዎችን በሩብ ገደማ ቀንሷል። ቀደም ብሎ በ1994 ከፊንላንድ የወጣው ውጤት ደግሞ የበለጠ የሚያሳስብ ነበር፤ ሲጋራ ከሚያጨሱ 29,133 ወንዶች መካከል ቤታ ካሮቲን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካልወሰዱት በ18 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

የኮሌስትሮል መጠኑ በመጠኑ ብቻ ከፍ ባለ ሰው ላይ አንድን ተክል መፈተን ከሚታሰበው በላይ አስቸጋሪ ነው። የአንድ ሰው የኮሌስትሮል መጠን ከቀን ወደ ቀን፣ ከሳምንት ወደ ሳምንት ስለሚለዋወጥ፣ በአጋጣሚ ከፍ ባለበት ቀን ተለክቶ «ከፍተኛ ነው» የተባለ ሰው ምንም ሳያደርግ በሁለተኛው ልኬት ዝቅ ብሎ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ይህን ወደ አማካይ መመለስ ይሉታል። በዚህ ላይ የተነገረው ቁጥር ያስደነገጠው ሰው ቅቤና ሥጋ መቀነሱ አይቀርም። በኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ ከባድ ምክንያት ይጨመራል፤ በፋሲካ ማግስት ተለክቶ እንክብል የጀመረ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ልኬቱን ያደረገው በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም መገባደጃ ቢሆን፣ የታየው ቅናሽ የእንክብሉ ይሁን የጾሙ ማንም ሊለየው አይችልም። በቀርጤስ ደሴት በሚኖሩ ኦርቶዶክሳውያን ላይ ተደርጎ በ2003 የታተመ ጥናት በጾም ወቅት ኤልዲኤል እንደሚቀንስ ማሳየቱ ይህ ግምት ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ «ወስጄው ወረደልኝ» የሚለው ምስክርነት፣ ተናጋሪው የቱንም ያህል እውነተኛ ቢሆን፣ ስለ ተክሉ የሚያስረዳው ነገር የለም። የሚያስረዳው በዕጣ ከተመደበ፣ መልኩ ከእውነተኛው የማይለይ ነገር ግን ፈዋሽ ንጥረ ነገር የሌለበትን እንክብል፣ ማለትም ፕላሴቦን፣ በዚያው ወቅት ከሚወስድ ሌላ ቡድን ጋር የሚደረግ ንጽጽር ነው።

የነጭ ሽንኩርት ታሪክ ይህን ከማንኛውም ምሳሌ በተሻለ ያሳያል። ያልተነካ የነጭ ሽንኩርት ፍሬ ሽታው ደካማ ነው፤ በሙቀጫ ሲደቆስ ወይም ሲከተፍ ግን በሕዋሳቱ ውስጥ ተለያይተው የነበሩት አሊን የተባለው ውሁድና አሊኔዝ የተባለው ኢንዛይም ይገናኙና አሊሲን ይፈጠራል፣ አፍንጫን የሚመታው ያ የታወቀ ሽታም በቅጽበት ይወጣል። ከነጭ ሽንኩርት የሚገኙ የድኝ ውሁዶች በላቦራቶሪ በጉበት ሕዋሳት ላይ ሲሞከሩ የኮሌስትሮልን ምርት አዳክመዋል። በ1993 አምስት ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ጽሑፍ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ፍሬ የሚሆን ነጭ ሽንኩርት ጠቅላላ ኮሌስትሮልን በ9 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ሲገልጽ፣ ጉዳዩ የተቋጨ መስሎ ነበር። ኋላ በተሻለ ጥንቃቄ የተደረጉት ጥናቶች ግን ውጤቱን መድገም አቃታቸው፤ ደጋፊዎቹም ጥፋቱ የነጭ ሽንኩርቱ ሳይሆን የእንክብሉ ነው አሉ። ክርክሩ ተራ ማመካኛ አልነበረም፤ የጨጓራ አሲድ ኢንዛይሙን ስለሚያከሽፈው አንዳንዱ እንክብል በሆድ ውስጥ የሚለቀው አሊሲን እጅግ ጥቂት መሆኑ በእርግጥ ታውቋል።

በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ክሪስቶፈር ጋርድነርና ባልደረቦቹ ውጤቱን በ2007 ያሳተሙት ምርመራ ለዚህ ክርክር መልስ ለመስጠት የታቀደ ነበር። ኤልዲኤላቸው ከ130 እስከ 190 ሚሊ ግራም የሆነ 192 ጎልማሶች በዕጣ በአራት ተከፈሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለተኛዎቹ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት እንክብል፣ ሦስተኛዎቹ በውኃና በአልኮል ተዘፍዝፎ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ነጭ ሽንኩርት የተጨመቀና በአንቲኦክሲዳንትነቱ የሚሸጥ እንክብል፣ አራተኛዎቹ ፕላሴቦ በሳምንት ስድስት ቀን ለስድስት ወር ወሰዱ። ጥሬው ነጭ ሽንኩርት የአንድ መካከለኛ ፍሬ ያህል፣ ማለትም ወደ 4 ግራም፣ ሆኖ በሳንድዊች ውስጥ ይቀርብ ነበር። የምርቶቹ ኬሚካዊ ይዘት በጥናቱ ጊዜ ሁሉ ሲመረመር ስለነበር «እንክብሉ ባዶ ነበር» የሚል ተቃውሞ የሚነሣበት ቀዳዳ አልነበረም፤ የተሳታፊዎቹም ደም በየወሩ ተለክቷል። ሊሸፈን ያልቻለው ሽታው ብቻ ነው፤ ጥሬውን ከበሉት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የአፍ ወይም የገላ ጠረን እንዳስቸገራቸው ተናግረዋል።

በስድስተኛው ወር የኤልዲኤል አማካይ ለውጥ በጥሬው ነጭ ሽንኩርት የ0.4፣ በዱቄቱ የ3.2፣ በተጨመቀው የ0.2 ሚሊ ግራም ጭማሪ ሲሆን፣ በፕላሴቦው የ3.9 ሚሊ ግራም ቅናሽ ሆነ። እነዚህ ልዩነቶች ከአጋጣሚ የማያልፉ ስለሆኑ ነጭ ሽንኩርት ኮሌስትሮልን ይጨምራል የሚል ትርጉም የላቸውም፤ ይቀንሳል የሚለውን ግን አልደገፉም። በ2022 በክሊቭላንድ ክሊኒክ መሪነት በ190 ሰዎች ላይ ለ28 ቀናት የተደረገ ሌላ ምርመራም ነጭ ሽንኩርትን፣ ቀረፋን፣ እርድን፣ የዓሣ ዘይትን፣ የዕፅዋት ስቴሮልንና ቀይ እርሾ ሩዝን ከፕላሴቦና ሮሱቫስታቲን ከሚባለው መድኃኒት ጋር ሲያነጻጽር፣ በቀን 5 ሚሊ ግራም የተሰጠው መድኃኒት ኤልዲኤልን በ37.9 በመቶ ሲቀንስ ከስድስቱ አንዱም ከፕላሴቦ የሚለይ ቅናሽ አላሳየም።

ከዚህ ተነሥቶ ከዕፅዋት የሚገኝ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ግን ሌላ ስሕተት ይሆናል። በፊንላንድ በ1995 በታተመ ጥናት፣ ኮሌስትሮላቸው በመጠኑ ከፍ ካለ 153 ሰዎች መካከል ሲቶስታኖል የተባለ ከዕፅዋት ስቴሮል የሚዘጋጅ ንጥረ ነገር የተጨመረበትን ማርጋሪን ለአንድ ዓመት የበሉት ኤልዲኤላቸው በ14 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ ተራውን ማርጋሪን በበሉት ላይ የታየው ለውጥ በ1 በመቶ አካባቢ ነበር። ስቴሮሎች ቅርጻቸው ከኮሌስትሮል ጋር ስለሚመሳሰል በአንጀት ውስጥ ቦታ ይሻሙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። እዚህ ላይ አንቲኦክሲዳንትነት ድርሻ የለውም፤ ክሊቭላንድ ላይ በእንክብል መልክ ለአራት ሳምንት የተሞከረው ስቴሮል አለመሳካቱም የአወሳሰዱ ዓይነት፣ መጠኑና ጊዜው የቱን ያህል ወሳኝ እንደሆኑ የሚጠቁም ነው።

ነጭ ሽንኩርት በወጥ ውስጥ ያለው ቦታ በእነዚህ ውጤቶች አይነካም፤ የስታንፎርዱ ጥናትም ስለ ኤልዲኤል እንጂ ስለ ሌላ ጥቅሙ የፈረደው ነገር የለም። እንክብሉን በየቀኑ የሚወስዱ ሰዎች ግን ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ኮሌስትሮልን ያልቀነሰ ነገር በሰውነት ውስጥ ሥራ አይሠራም ማለት አይደለም። የነጭ ሽንኩርት እንክብል የደም ማቅጠኛ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ የመድማት አደጋን ሊጨምር ስለሚችል ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በፊት እንዲቋረጥ ይመክራሉ። በ2002 በታተመ ጥናት ደግሞ ጤነኛ ፈቃደኞች ሳኩዊናቪር ከተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር የነጭ ሽንኩርት እንክብል ለሦስት ሳምንት ያህል ሲወስዱ፣ በደማቸው የተገኘው የመድኃኒቱ መጠን በ51 በመቶ ቀነሰ፤ እንክብሉን ካቆሙ ከአሥር ቀን በኋላ እንኳ መጠኑ የተመለሰው ከመጀመሪያው ከ60 እስከ 70 በመቶ ወደሚሆነው ብቻ ነበር።