ጉድጓድ ለመድፈንም ፈቃድ

በካሊፎርኒያ ብዙ ዓመት ባስቆጠሩ ነዳጅ ማደያዎች ውስጥ ጎንበስ ብሎ አስፋልቱን ያየ ሰው፣ በብሎን የታሰረ፣ ከሳህን ብዙም የማይበልጥ ክብ የብረት ክዳን ሊያገኝ ይችላል። ክዳኑ ሲነሳ አፉ በጎማ ውታፍ የተዘጋና የተቆለፈ ነጭ የፒቪሲ ቱቦ ብቅ ይላል። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 4 ኢንች ነው። ታችኛው ክፍል ውሃ እንዲያስገባ በቀጫጭን መስመሮች ተሰንጥቋል፤ ዙሪያውን አሸዋ ከብቦታል። ከአሸዋው በላይ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ቤንቶናይት የተባለ ሸክላ፣ ከዚያ ወደ ላይ ደግሞ ሲሚንቶ አለ። ይህ የከርሰ ምድር ውሃ መከታተያ ጉድጓድ ነው። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ አይቀዳበትም። ከተቀበረ ታንከር ያመለጠ ቤንዚን ወዴት እንደሄደ፣ እየቀነሰ መሆን አለመሆኑም የሚታወቀው ከዚህ በሚወሰድ ናሙና ነው።

ክትትሉ ሲያበቃ ግን አደጋው ከራሱ ከጉድጓዱ ይመጣል። ከላይ የፈሰሰ ዘይትና ኬሚካል በአፈር ውስጥ ሲሰርግ ከፊሉ እዚያው ተይዞ ይቀራል፤ ክዳኑ የተሰበረ ቱቦ ካገኘ ግን የሚያግደው ሳይኖር ውሃው ዘንድ ይደርሳል። ጉድጓዱ ሁለት የውሃ ንብርብሮችን አቋርጦ ከሆነ ደግሞ የላይኛውን ብክለት ወደ ንጹሑ የታችኛው ውሃ ያወርዳል። ለዚህ ነው የካሊፎርኒያ ደንብ አንድ ዓመት ያላገለገለን ጉድጓድ፣ ባለቤቱ መልሶ እንደሚጠቀምበት ካላሳየ በቀር፣ እንደተተወ የሚቆጥረውና ይደፈን የሚለው።

አንድ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ገልብጦ መገላገል አይቻልም። የአደፋፈኑን ደረጃ ያወጣው የክልሉ የውሃ ሀብት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ደረጃዎቹ ቡሌቲን 74-81 እና ቡሌቲን 74-90 በሚባሉ ሰነዶች ታትመዋል። ፈቃዱን የሚሰጠው ግን የአካባቢው መሥሪያ ቤት ነው። በሳንታ ክላራ ካውንቲ ቫሊ ዋተር፣ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሕዝብ ጤና ቢሮው ይሰጣል። በአላሚዳ ካውንቲ ውስጥ እንኳ ሊቨርሞርና ፕሌዘንተን የሚሄዱት ወደ ዞን 7 የውሃ ኤጀንሲ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “ይህ መሬት በማን ሥር ነው?” የሚለው ነው።

ማመልከቻውን ብዙ ጊዜ የሚያስገባው አማካሪው ወይም ቆፋሪው ነው። ቆፋሪው ሲ-57 የተባለው የጉድጓድ ቁፋሮ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ጉድጓዱ ያለበት ካርታ፣ ሲቆፈር የተያዘው መዝገብ፣ ጥልቀቱና የሚደፈንበት ዘዴ አብረው ይቀርባሉ። በግል ይዞታ ላይ ከሆነ የባለመሬቱ ስምምነትም ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚዘገየውም እዚህ ላይ ነው። የፈሰሰ ቤንዚን አጥር አያውቅምና አንዳንዱ ጉድጓድ የተቆፈረው በጎረቤት ግቢ ነው። ያኔ የፈቀደው ጎረቤት ቤቱን ሸጦ ሄዶ፣ አዲሱ ባለቤት መኪና ማቆሚያው ሥር ምን እንዳለ ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል። እሱን ማስረዳትና የመግቢያ ውል መፈራረም ጊዜ ይወስዳል። ጉድጓዱ መንገድ ላይ ከሆነም ከከተማው ሌላ ፈቃድ ይጨመራል።

ዘዴው የሚመረጠው በመዝገቡ ነው። ጉድጓዱ በደንብ እንደታሸገ ከታወቀ፣ በውሃ የተበጠበጠ ሲሚንቶ በቀጭን ቱቦ ከታች ጀምሮ ይሞላል፤ በግፊት ሲገፋም በስንጥቆቹ አልፎ አሸዋው ውስጥ ይገባል። ከላይ ቢፈስ በመሃል አየር ወይም ውሃ ይዞ ባዶ ቦታ ይተዋል። እሽጉ ካላስተማመነ ደግሞ ቱቦው፣ አሸዋውም ሸክላውም በማሽን ተቦርቡረው ይወጡና ቀዳዳው በሙሉ በሲሚንቶ ይሞላል። ኢንስፔክተሩ ሲሚንቶው ሲወርድ እንዲገኝ የሚፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ማንም ሊያየው አይችልም። ክፍያውና ቀጠሮው ቢያሰለችም፣ እኔ ይህን ደንብ ተገቢ የምለው በዚህ የተነሳ ነው።

መሬት ከመነካቱ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን አስቀድሞ 811 ላይ ተደውሎ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሮች ምልክት ይደረግባቸዋል። ሥራው በተጠናቀቀ በ60 ቀን ውስጥ ደግሞ ቆፋሪው ለውሃ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ያስገባል።

ካሊፎርኒያ በ2012 አነስተኛ ስጋት ያላቸው የታንከር ፍሳሽ ጉዳዮች የሚዘጉበትን ፖሊሲ ስታወጣ፣ ጉድጓዶቹ ጉዳዩ ከመዘጋቱ በፊት እንዲደፈኑ አዘዘች። ባለመሬቱ ግን ጉድጓዱን ይዤ በደንቡ መሠረት እጠብቀዋለሁ ብሎ ካረጋገጠ ሊያስቀረው ይችላል። እንዲህ ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ። ኃላፊነቱ እናንተው ላይ ይቀራል።

በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜ ወይም በሎስ አንጀለስ ማደያ ያላችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ ወገኖች፣ ጂኦትራከር በተባለው የክልሉ የውሃ ቦርድ የሕዝብ መዝገብ ላይ አድራሻውን ፈልጉ። በሰነዱ ላይ ያሉትን ጉድጓዶች መሬት ላይ ካሉት ክዳኖች ጋር አስተያዩ። አንድ ከጎደለ አዲስ አስፋልት ከማንጠፋችሁ በፊት አስፈልጉት፤ የተደፈነበትን ፈቃድና ሪፖርት ቅጂም ከይዞታ ወረቀታችሁ ጋር አስቀምጡ።