የሬቨንስ ደጋፊዎች እና የካይል ሃሚልተን ምርጫ

ካይል ሃሚልተን በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ለባልቲሞር ሬቨንስ የሚጫወት ሴፍቲ ነው። ቡድኑ ሃሚልተንን ከኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ የመረጠው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2022 በላስ ቬጋስ በተካሄደው ድራፍት በ14ኛ ተራ ነው። ምርጫው በደጋፊዎች ዘንድ ደስታና ቅሬታ የተቀላቀለበት ምላሽ አገኘ። የክርክሩ ዋና ጥያቄ የተጫዋቹ ችሎታ ሳይሆን፣ ለሴፍቲ ይህን ያህል ውድ የሆነ ተራ ማዋል ተገቢ ነው ወይ የሚል ነበር።

ድራፍት ምንድን ነው?

በአውሮፓ እግር ኳስ ክለቦች ተጫዋች የሚያገኙት ከሌላ ክለብ በመግዛት ወይም ከራሳቸው አካዳሚ በማሳደግ ነው። በኤንኤፍኤል ግን 32ቱ ቡድኖች ብዙዎቹን አዳዲስ ተጫዋቾች የሚያገኙት በድራፍት ነው። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የሚወጡ ወጣቶችን በተራ ይመርጣሉ። ባለፈው የውድድር ዘመን ደካማ ውጤት ያመጣ ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፤ ሻምፒዮኑ ደግሞ በዙሩ መጨረሻ ላይ ይመደባል። ምርጫው ሰባት ዙሮች ያሉት ሲሆን ቡድኖች ተራቸውን እርስ በርስ መለዋወጥ ይችላሉ።

ሥርዓቱ ደካማ ቡድኖች ለዘለቄታው ደካማ ሆነው እንዳይቀሩ የታሰበ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1935 ያቀረበው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት የነበረው በርት ቤል ሲሆን፣ የመጀመሪያው ድራፍት በ1936 በፊላደልፊያ በአንድ ሆቴል ውስጥ ተካሄደ። በ1980 የኢኤስፒኤን ቴሌቪዥን በቀጥታ ማስተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ግን ዝግጅቱ የደጋፊዎች በዓል ሆኗል። በ2024 በዲትሮይት ከተማ በተካሄደው ድራፍት በሦስት ቀናት ውስጥ ከ700,000 በላይ ታዳሚ ተገኝቷል። በዚያ ሁሉ ቀን አንድም ጨዋታ አይደረግም፤ ሕዝቡ የሚሰበሰበው ስም ሲጠራ ለመስማት ነው።

የሴፍቲ ሥራ

በአሜሪካ ፉትቦል እያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾችን ያሰልፋል። ሴፍቲዎች ከተከላካዮቹ ሁሉ ኋላ የሚቆሙ ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥራቸው ሁለት ነው። ኳስ የያዘ ተጋጣሚ የፊት መስመሩን ጥሶ ካለፈ የሚያስቆመው የመጨረሻ ሰው ሴፍቲ ነው። ረጅም ኳስ ሲወረወርም ደርሶ ማክሸፍ ወይም መንጠቅ ይጠበቅበታል። በእግር ኳስ ቋንቋ የመጨረሻ ተከላካይ እንደማለት ነው።

ጥሩ ሴፍቲ ብዙ ጊዜ ዓይን አይስብም። በትክክለኛው ቦታ ከቆመ ተጋጣሚው ወደዚያ ኳስ አይወረውርም፤ ያልተወረወረ ኳስ ደግሞ በስታቲስቲክስ አይመዘገብም። ስሕተቱ ግን ወዲያው ነጥብ ስለሚያስቆጥር ስታዲየሙ ሁሉ ያየዋል።

ሌላው ምክንያት ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከተደረሰው የሠራተኛ ስምምነት ወዲህ የአዲስ ተጫዋች ደመወዝ የሚወሰነው በተመረጠበት ተራ እንጂ በሚጫወትበት ቦታ አይደለም። ስለዚህ ቡድኑ በገበያ ውድ የሆነ ተጫዋች፣ ለምሳሌ ኳርተርባክ ወይም ኳርተርባክን የሚያሳድድ ተከላካይ፣ በድራፍት ካገኘ ለዓመታት ብዙ ገንዘብ ይቆጥባል። ሴፍቲ በገበያ ከእነዚህ ያነሰ ስለሚከፈለው የሚቆጠበውም ያንሳል። ይህን ስሌት የሚያውቁ ደጋፊዎች በመጀመሪያው ዙር የሴፍቲ ስም ሲጠራ ቅር ይላቸዋል።

ከምርጫው በፊት የነበረው ሁኔታ

ሬቨንስ የ2021 የውድድር ዘመንን በ8 ድልና በ9 ሽንፈት አጠናቆ ከጥሎ ማለፉ ውጪ ሆኖ ነበር። በጉዳት የሳሳው ቡድን በአየር ለተጋጣሚ በለቀቀው ያርድ ከ32ቱ ቡድኖች የመጨረሻው ነበር። ክፍተቱን ለመሙላት ቡድኑ በማርች 2022 ሴፍቲውን ማርከስ ዊልያምስን በአምስት ዓመት የ70 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረመ። ነባሩ ሴፍቲ ቸክ ክላርክም በቡድኑ ነበር።

ሃሚልተን በበኩሉ በብዙ ተንታኞች ግምት ከመጀመሪያዎቹ አምስት ምርጦች ውስጥ የሚገባ ተጫዋች ነበር። ቁመቱ 193 ሴንቲሜትር ሲሆን ይህ ለሴፍቲ ያልተለመደ ነው። ነገር ግን ከድራፍቱ በፊት በተደረገው የብቃት መለኪያ 40 ያርድ (36.6 ሜትር) ለመሮጥ 4.59 ሰከንድ ፈጀበት። ይህ ፍጥነት አዝጋሚ ነው ተብሎ ስለተቆጠረ ግምቱ ወደ ታች ወረደ።

የደጋፊዎች ምላሽ

በምርጫው ምሽት ፊላደልፊያ ኢግልስ ተራ ለውጦ ወደ 13ኛ ከፍ በማለት ግዙፉን የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተከላካይ ጆርዳን ዴቪስን ወሰደ። ዴቪስን ለራሳቸው ቡድን ሲመኙ የነበሩ የባልቲሞር ደጋፊዎች አዘኑ። ቀጥሎ የሃሚልተን ስም ሲጠራ ቅሬታ ያደረባቸው ደጋፊዎች «ሁለት ሴፍቲ እያለን ሦስተኛ ለምን?» የሚል ጥያቄ አነሡ። የተደሰቱት ደግሞ አምስተኛ ይወሰዳል የተባለ ተጫዋች በ14ኛ ተራ ማግኘት ዕድል ነው አሉ። የሬቨንስ አመራርም ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው የጎደለውን ቦታ ከመሙላት ይልቅ ከቀሩት የተሻለውን ተጫዋች በመውሰድ ነው።

ሁለቱም ወገኖች ከቡድኑ ታሪክ ምሳሌ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሬቨንስ ሴፍቲውን ኤድ ሪድን በ24ኛ ተራ መርጦ ነበር፤ ሪድ በ2019 ወደ ፉትቦል የዝና አዳራሽ ገባ። ሪድ ቡድኑን በለቀቀበት በ2013 ደግሞ በ32ኛ ተራ የተመረጠው ሴፍቲ ማት ኢላም የተጠበቀውን ያህል ሳይሆን ቀረ። አንዱ ወገን ሪድን፣ ሌላው ኢላምን ያስታውስ ነበር።

በዚያው ምሽት ቡድኑ ፈጣኑን ተቀባይ ማርኪስ ብራውንን ለአሪዞና ካርዲናልስ መስጠቱ ሲሰማ ቁጣው በረታ። ኳርተርባኩ ላማር ጃክሰን ራሱ ድንጋጤውን በትዊተር ገለጸ። በኋላ እንደታወቀው ግን ብራውን ዝውውሩን የጠየቀው ቀደም ብሎ ነበር።

ከምርጫው በኋላ

የሃሚልተን አጀማመር ተቺዎቹን የሚያጠናክር ይመስል ነበር። በ2022 ሁለተኛ ጨዋታው ሬቨንስ የመጨረሻውን ሩብ ሰዓት ማያሚ ዶልፊንስን 35 ለ14 እየመራ ጀምሮ 42 ለ38 ተሸነፈ። ረጃጅም ኳሶች ያለፉት የኋላ መስመር፣ አዲሱን ሃሚልተንን ጨምሮ፣ ከባድ ትችት ደረሰበት።

በቀጣዩ ዓመት ሁኔታው ተለወጠ። ክላርክ በዝውውር ሲሄድ የሃሚልተን ኃላፊነት ጨመረ። አሠልጣኞቹም ኋላ ብቻ ከማቆም ይልቅ ቦታውን እየቀያየሩ አጫወቱት። በሴፕቴምበር 2023 ከኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ጋር በተደረገው ጨዋታ የተጋጣሚን ኳርተርባክ ሦስት ጊዜ ኳስ እንደያዘ ጣለ፤ ይህ ለሴፍቲ እጅግ ያልተለመደ ነው። በዚያ ዓመት የሬቨንስ መከላከያ ጥቂት ነጥብ በማስተናገድ፣ ኳርተርባክ በመጣልና ኳስ በመንጠቅ በሦስቱም ከሊጉ አንደኛ ሆነ። ሃሚልተንም በዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ተካተተ።

በኦገስት 2025 ቡድኑ ውሉን በአራት ዓመትና በ100.4 ሚሊዮን ዶላር አራዘመ። በወቅቱ ይህ ለሴፍቲ ከተከፈለው ሁሉ ትልቁ ነበር። ይሁን እንጂ በምርጫው ምሽት የተቃወሙት ደጋፊዎች ያለ ምክንያት አልተነሡም። የደመወዙ ስሌት ትክክል ነበር፤ የኢላም ታሪክም እውነት ነበር። ስሌቱ ያላካተተው አንድ ተጫዋች ከአንድ ቦታ በላይ ሊሸፍን መቻሉን ነው። ያም የታየው ተጫዋቹ ከተመረጠ ከአንድ ዓመት በኋላ ነበር።