የተደገመ ሙከራ መቼ ማስረጃ ይሆናል? የቀዝቃዛ ውህደት ክርክር ሲመዘን



እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1989 ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቃውንት በዩታ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጣዊ መግለጫ ሰጡ። በከባድ ውሃ ውስጥ በተነከረ ፓላዲየም ላይ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ፣ በኬሚካዊ ለውጥ ሊብራራ የማይችል ትርፍ ሙቀት ማግኘታቸውንና ምንጩም የኑክሌር ውህደት መሆኑን ገለጹ። የግዛቱ ምክር ቤት ወዲያው 5 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በሳምንታት ውስጥም «እኛም አገኘነው» እና «አላገኘነውም» የሚሉ ቤተ ሙከራዎች ጎራ ለዩ። እንዲህ ያለው ክርክር በድምፅ ቆጠራ አይፈታም፤ ሦስት መመዘኛዎችን ላቅርብ።

የመጀመሪያው የመሣሪያው ታማኝነት ነው። የጆርጂያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ኒውትሮን መመዝገባቸውን አስታወቁ፤ ሆኖም ሙቀት የመቁጠሪያውን ንባብ እንደሚያዛባ ስለተረዱ በቀናት ውስጥ መግለጫቸውን አነሡ። ስለዚህ የማረጋገጫ ዜና ሁሉ ማረጋገጫ አይደለም።

ሁለተኛው የውጤቶች መጣጣም ነው። በታወቀው የዴውቴሪየም ውህደት 1 ዋት ሙቀት ቢገኝ፣ በየሴኮንዱ 1 ትሪሊዮን ገደማ ኒውትሮኖች ይወጡ ነበር። ከተባለው ሙቀት ጋር የሚመጣጠን ኒውትሮን ግን አልተገኘም። ይህ ብቻውን የሙቀቱን ልኬት ሐሰት አያደርገውም፤ ምንጩ ውህደት ነው የሚለውን ሰው ግን ከባድ የማስረዳት ሸክም ያሸክመዋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው የውድቀት ትርጉም ነው። ደጋፊዎች ለአንድ የፓላዲየም አቶም 0.9 ገደማ የዴውቴሪየም አቶም ካልገባ ሙቀቱ አይታይም ይላሉ። መጠኑ አስቀድሞ ተወስኖ በሙከራው ጊዜ ከተለካ፣ ይህ ተገቢ ቅድመ ሁኔታ ነው። ሙቀት ስላልታየ ብቻ «ፓላዲየሙ አልሞላም ነበር» ከተባለ ግን ነገሩ በራሱ ላይ ይዞራል። ሊወድቁበት የማይቻል ፈተናን ማለፍ ምንም አያስረዳም።

ሚዛኑ ግን ለተጠራጣሪውም ይሠራል፦ ሙሌቱን ሳይለካ «አልተገኘም» የሚል ሰው የተጠየቀውን አልመረመረም። በጎግል ድጋፍ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 «ኔቸር» ላይ የወጣው ጥናት የውህደት ማስረጃ አለማግኘቱን ሲገልጽ፣ ከፍተኛ ሙሌት ላይ መድረስ አዳጋች መሆኑንም አብሮ አስፍሯል። የአሉታዊ ውጤት ጨዋ አቀራረብ ይህ ነው።

እንግዲህ አከራካሪ ውጤት ሲቀርብላችሁ ስንት ቤተ ሙከራ እንደደገመው ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ተመራማሪው ምን ቢያይ ተሳስቻለሁ ብሎ እንደሚቀበል፣ ያንንም ከሙከራው በፊት ጽፎት እንደሆነ ጠይቁ።